ቁልምጫ የጠሪው ነው ወይስ የተጠሪው?

ፒያሳ አካባቢ ዕቃ ገዝቶ በቴሌብር የሚከፍል ሰው አንድ ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። ስልክ ቁጥሩን ያስገባል። ብሩን ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ስልኩ ላይ ይወጣል። ለዓመታት «ቤቢ» ሲላት የኖረው ባለሱቅ አስናቀች ሆና ትገኛለች። ያኔ ቀና ብሎ «አስናቀች አንቺ ነሽ?» ማለት ግድ ነው። ገንዘብ ለማይታወቅ ሰው መላክ ቀልድ አይደለማ።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ ፋይዳ መጣ። ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ የአንድ ሰው ስም፣ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል አንድ ቋት ውስጥ ገብቶ በአንድ ቁጥር ይታወቃል። ሕጋዊ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። አሁን ባንክ አዲስ ሂሳብ ሲከፈት ይጠይቀዋል። ቋቱ ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንጂ «ቤቢ» የሚባል አያውቅም።

በዚህ መሀል የቆየ ክርክር እንደገና ተቀሰቀሰ። አንዱ ወገን «ልጆቻችን ስማቸውን ጥለው ሁሉም ማይክና ጆኒ ሆኑ» ይላል። ሌላው «ቁልምጫ ድሮም ነበር፤ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ያልፈዋል። ድሮም እንደነበር ጥርጥር የለውም። የተለወጠው ግን የስሙ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ቁልምጫው የማን እንደሆነ ተለውጧል። ይህን ለማየት ከራሱ ከቁልምጫው ሥራ መጀመር ይሻላል።

የማይደባለቁ ግን የሚደባለቁ ስሞች

ቁልምጫ ከራሱ ከስሙ ይወጣል። አልማዝ «አልሜ»፣ ታደሰ «ታዴ»፣ ብርሃኑ «ብሬ» ይባላሉ። የዳቦ ስም ሌላ ነው። ከመልክ፣ ከጠባይ ወይም ከአንድ ቀን ጉድ ይወጣል፤ ከመጠሪያ ስሙ ጋር ዝምድና የለውም። የቤት ስም ደግሞ ሕፃን ሳሉ የሚለጠፍ ነው፤ ማሙሽ፣ ሚሚ፣ አቡሽ፣ ኩኩ። በክርስቲያኑ ቤት ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን የምታገኘው የክርስትና ስምም አለ። መኳንንቱ የፈረስ ስም ነበራቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ ነበሩ። የፈረስ ስም ለማስፈራት፣ ቁልምጫ ለማቅረብ ነው።

ድንበሩ ግን አጥር የለውም። ማሙሽ የተባለ ሕፃን ያድጋል፣ ያገባል፣ ጋራዥ ይከፍታል። ስልሳ ሲሞላው «ጋሽ ማሙሽ» ይባላል። አንድ ጥሪ ውስጥ ታላቅነትም ሕፃንነትም ገብቷል፤ ማንም ግን ተቃርኖው አይታየውም።

«ዬ» ምን ትሠራለች?

አማርኛ «የኔ» ለማለት ስሙ ላይ ቅጥያ ይጨምራል። ቤት «ቤቴ»፣ ሥራ «ሥራዬ» ይሆናል። የቁልምጫ ዋና መሣሪያም ይህችው ናት። «ሙልዬ» ማለት «የኔ ሙሉ» ማለት ነው። ተስፋዬና ምትኬ የተባሉ ሰዎች ይህን «የኔ» ከጅምሩ መጠሪያቸው ውስጥ ይዘውት ተወልደዋል። «ጋሼ» ጋሻን፣ «እትዬ» እኅትን የኔ ከማለት የመጡ ናቸው። ሕዝቡ ንጉሡን «እምዬ ምኒልክ» ሲልም ያችኑ ቅጥያ ነው የተጠቀመው። በ1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ የወደቀው የቴዎድሮስ የጦር አዛዥ በታሪክ የሚታወቀው ፊታውራሪ ገብርዬ ተብሎ ነው። የጦር ማዕረግና ቁልምጫ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ሙሉጌታ የተባለ ሰው እንውሰድ። ቢሮ አቶ ሙሉጌታ ነው። ጓደኞቹ «ሙሌ» ይሉታል። እናቱ «ሙልዬ» ትለዋለች። ታናናሾቹ ስሙን ከነጭራሹ አይጠሩም፤ «ጋሽዬ» ነው የሚሉት። በቆየው ወግ ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ነበር፤ «እታበባ»፣ «እታለም»፣ «ወንድምዓለም» የተፈጠሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ቁልምጫ ብቻ የለውም። የጠሪዎቹን ያህል አለው። «ሙልዬ» የሚለውን ድምፅ ከሩቅ የሰማ ሰው ስለ ሙሉጌታ ብዙም አይረዳም፤ ስለ ጠሪው ግን ይረዳል። ወይ እናቱ ናት፣ ወይ ሚስቱ፣ ወይ ብድር ፈላጊ።

ወንዱ ለምን «ሽ» ይባላል?

ተስፋዬ «ተስፍሽ»፣ ግርማ «ግርምሽ»፣ ጌታቸው «ጌትሽ» ይባላሉ። «ሽ» በአማርኛ የሴት ምልክት ናት። ታዲያ ወንዱ ላይ ምን ትሠራለች?

አንዱ ማብራሪያ ፆታን ማቀያየር የፍቅር መግለጫ ነው የሚል ነው። ወንድ ልጇን «ነይ እስቲ አንቺ» የምትል እናት፣ ሴት ልጁን «አንተ» የሚል አባት ብርቅ አይደሉም። ሌላው ማብራሪያ ከሕፃን ንግግር ይነሣል። ለሕፃን ስናወራ ድምፆቻችን ወደ ላንቃ ይጠጋሉ፤ ስ ወደ ሽ፣ ት ወደ ች፣ ግ ወደ ጅ ያደላል። የቋንቋ ሰዎች ፓላታላይዜሽን ይሉታል። ማሙሽ፣ አቡሽ፣ ቡቹ ከዚህ ይመደባሉ። ትዕግሥት «ትጂ» የምትሆነውም ግ ወደ ጅ ስለሚሸሽ ነው።

ሁለቱም ያስኬዳሉ። ሚዛን ይድፋ ከተባለ ግን የመጀመሪያው ይከብዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሕፃን ንግግር ብቻ ቢሆን ሴቶቹም «ሽ» በብዛት ይለጠፍባቸው ነበር። አልማዝን «አልምሽ» የሚል ሰው ግን ብዙም አይሰማም።

የትናንት ቁልምጫ፣ የዛሬ መታወቂያ

«ትክክለኛ ስም» እና «አጭር ስም» ብሎ መለየት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ኃይለ ሥላሴ ማለት የሥላሴ ኃይል ማለት ነው። «ኃይለ» ብቻውን አይቆምም፤ የማን ኃይል እንደሆነ የሚነግረውን ሁለተኛ ቃል ይጠብቃል። ሁለተኛው ሲቆረጥ አፍ ክፍቱን በ«ኤ» ይዘጋዋል፤ «ኃይሌ» ይሆናል። ተክለ ሃይማኖት «ተክሌ»፣ ሀብተ ማርያም «ሀብቴ»፣ ወልደ ጊዮርጊስ «ወልዴ»፣ ገብረ መድኅን «ገብሬ» የሚሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ እነዚህ ሁሉ ራሳቸውን የቻሉ መጠሪያዎች ናቸው። ብዙ አባት ልጁን ከመነሻው ኃይሌ ብሎ ያስመዘግባል።

ትርጉሙም አብሮ ተንሸራቷል። ያቺ «ኤ» በአማርኛ ጆሮ «የኔ» ትመስላለች። የሥላሴ የነበረው ኃይል «ኃይሌ» ሲባል የጠሪው ኃይል ሆነ። ለዚህ ከአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ የተሻለ ምሳሌ የለም። የራሱ ስም አጭሩ ነው፣ የአባቱ ሙሉው። ሕዝቡ ደግሞ አጭሩን እንደገና አቆላምጦ «ኃይልሽ» አለው።

በሙስሊሙ ስም ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ በጣም ይገርማል። አብዱራህማን፣ አብዱልቃድር፣ አብዱላሂ ሁሉም ሲያጥሩ «አብዱ» ናቸው። የዐረብኛው «አብድ» አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው። የግዕዙ «ገብር» ም እንዲሁ። ገብሬና አብዱ እዚያው ፒያሳ አንድ ካፌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማኪያቶ ቢጠጡ፣ ስማቸው በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ይላል። የተቆረጡትም አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የጌታው ስም ቀርቶ አገልጋዩ ብቻ ተርፏል።

ዓረፍተ ነገሩ ሲቆረጥ

የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥላሁን ጥላ ሁን ማለት ነው። እንዳልካቸው፣ ስንታየሁ፣ ካሳሁን፣ ዓለማየሁ ሁሉም ግስ ይዘዋል። ከግሱ ጀርባ የቤተሰብ ታሪክ አለ። ልጅ የሞተበት ቤት ቀጣዩን ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ ይለዋል። ስንታየሁ የተባለች ልጅ እናት ምን እንዳየች ስሟ ባይናገርም ብዙ እንዳየች ይናገራል።

ቁልምጫ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን ግስ ነው። ስንታየሁ «ስንትዬ» ስትባል «አየሁ» የሚለው ይጠፋል። ካሳሁን «ካስዬ» ሲሆን «ሁን» ይቀራል። ታዋቂዋ ድምፃዊት እጅጋየሁ ሺባባው ለዓለም ጂጂ ናት። «እጅግ አየሁ» ከሚለው የተረፈው የመካከሉ ድምፅ ነው። ትርጉሙ ሄዶ ዜማው ቀረ።

ይህ ኪሳራ ነው የሚሉ አሉ። ስም የቤተሰብ መዝገብ ከሆነ፣ ማሳጠር ገጽ መቅደድ ነው ይላሉ። ክርክሩ ውኃ ይቋጥራል። የልጁ ወገንም ግን ክርክር አለው። ከመወለዱ በፊት የሞተ ወንድሙን ሐዘን ዕድሜ ልኩን በስሙ እንዲሸከም ማን ጠየቀው? ምትኩ «ሚቱ» ሲባል ያ ሸክም ከጓደኞቹ ጆሮ ይወርድለታል። መዝገቡ ላይ እንደሆነ አለ፤ አልተቀደደም።

«ኢ» እና የፈረንጅ ስም ወቀሳ

ዳኒ፣ ሳሚ፣ ናቲ፣ ሚኪ፣ ቤቲ፣ መሲ፣ ማሂ። የመሀል አዲስ አበባ ቁልምጫ ዛሬ በአብዛኛው በ«ኢ» ያልቃል። ወቀሳው የሚያነጣጥረው እዚህ ላይ ነው። ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚወቅሰው።

ሳሚና ዳኒ ከሳሙኤልና ከዳንኤል የተቆረጡ ናቸው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ስለሆኑ ሌላ አገርም እንዲሁ ይቆረጣሉ። ዮሐንስ «ጆኒ»፣ ሚካኤል «ማይክ» ሲባሉ ደግሞ ያው ስም በሌላ መንገድ ዞሮ ተመለሰ እንጂ ስሙ አልተቀየረም። ዓለማየሁ «አሌክስ» ሲባል ግን ዝምድናው የመነሻ ድምፅ ብቻ ነው። «ዓለም አየሁ» ያለው አባት ከአሌክስ ጋር ምንም አያገናኘውም። ወቀሳው ሚዛን የሚደፋው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

ነገሩ የኢንተርኔት ልጆች ፈጠራም አይደለም። ጆኒና ቴዲ የተባሉ የፒያሳ ጎረምሶች ዛሬ አያት ሆነዋል። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር የሚያሳዩዋቸው የውጭ ፊልሞች አንዱ መግቢያ በር ሳይሆኑ አልቀሩም። ከተማዋ በበኩሏ የፈረንጁን ስም እንደፈለገች ቆርጣ ውጣለች። ካዛንቺስ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የጣልያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት መጠሪያ እንደመጣ ይነገራል። ፒያሳና መርካቶም የጣልያንኛ ቃል ናቸው። ዛሬ ካዛንቺስን «የባዕድ ስም» የሚል የሰፈሩ ልጅ አይገኝም።

ዋናው ለውጥ ሌላ ቦታ ነው። «ዬ» የምትለጠፈው ቅርበት ሲኖር ነው። «ኢ» ግን ቅርበት አትጠይቅም። አለቃም፣ አስተማሪም፣ ትናንት የተዋወቀም «ሳሚ» ይላል። ማንም ቅር አይለውም። በዚያ ላይ ቁልምጫውን የሚመርጠው ባለቤቱ ሆኗል። ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ፕሮፋይል፣ ማለትም ራስን የማስተዋወቂያ ገጽ ሲከፍት፣ «ሚኪ» ብሎ ራሱ ይጽፋል። ድሮ ሰፈር ያወጣ የነበረውን አሁን ሰውየው ያወጣል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ፤ ቁልምጫን ደግሞ ስልክ ማውጣት ጀምሯል።

የዚህ ውጤት መጣበብ ነው። ቤተልሔምም ኤልሳቤጥም ቤቲ ናቸው። መሠረትም መስከረምም መሲ ናቸው። ብዙ ስም ወደ ጥቂት ቁልምጫ ይፈስሳል። ሰው ታዲያ መፍትሔ አያጣም። ስልኩ ላይ «ቤቲ ካዛንቺስ»፣ «ቤቲ ፀጉር»፣ «ቤቲ ዕቁብ» ብሎ ይመዘግባል። ቁልምጫው የአባት ስም አጣና ሰፈርና ሥራ ተተኩለት።

የሚወጣና የሚወርድ ስም

ፊደል የቆጠረ ሁሉ «አበበ በሶ በላ» ብሏል። አበበ፣ ከበደ፣ ታደሰ እንደዚያ የተለመዱ ስለነበሩ ነው የምሳሌ ሰው የሆኑት። ዛሬ አራት ኪሎ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት «አበበ» ብሎ ለሚጠራ ሰው «አቤት» የሚለው ምናልባት ጥበቃው ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ አብዮት የተባሉ ልጆች ተወለዱ። ቀጥሎ ናትናኤል፣ ቤተልሔም፣ ሶልያና መጡ። አሁን ደግሞ ሊያ፣ ኖኅ፣ ናታን ተወደዋል። እነዚህ ከመነሻው አጭር ናቸው፤ የሚቆረጥ የላቸውም። ፓስፖርት ላይም ለመጻፍ አያስቸግሩም፤ ወላጆች ይህን አስበው እንደሚመርጡ አይደብቁም።

ሆኖም ማታ ልጇን የምታስተኛ እናት «ናታንዬ» ነው የምትለው። ስሙ ተቀየረ፣ ቅጥያዋ አልተቀየረችም። «ዬ» ሞተች የሚለው ሐሜት የቸኮለ ይመስላል፤ የጠፋችው ከመንገድ ነው፣ ከቤት አይደለም።

ቁልምጫ በፖለቲካም ይወጣል ይወርዳል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «መንጌ» ይባሉ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ደጋፊዎቻቸው «አቢቹ» ይሉ ጀመር። ሁለቱም ቃላት ዛሬ እንደተናጋሪው ፍቅርም፣ ምጸትም፣ ምሬትም ይሸከማሉ። ቃሉ ያው ነው፤ ጠሪው ነው የሚለየው። ይህ የቁልምጫ የቆየ ጠባይ ነው፤ ፖለቲካ ውስጥ ጎልቶ ታየ እንጂ።

መዝገብ የማያውቀው

የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይላል። ሕዝቡ ግን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ሕግና ልማድ ሲጋጩ በስም ጉዳይ ማን እንደሚያሸንፍ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

አሁን ችግር የሚፈጥረው የራስ ሳይሆን የአባት ቁልምጫ ነው። የልጁ የትምህርት ማስረጃ «ገብሬ» ይላል። የአባቱ መታወቂያ «ገብረማርያም» ይላል። ሌላ ሰነድ ላይ «ገ/ማርያም» ተብሏል። ያቺ እዝባር (/) ራሷ የጽሕፈት ቤት ቁልምጫ ናት፤ እጅ እንዳይደክም የተፈጠረች። ለሰው ዓይን ሦስቱም አንድ አባት ናቸው። ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ናቸው። የውርስ ወይም የጉዞ ጉዳይ ሲመጣ ሰውየው «እኔ እኔ ነኝ» ለማለት እስከ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

መታወቂያው ላይ ለቅጽል ስም ቦታ ቢሰጥስ የሚል ሐሳብ ይነሣል። ለአባት ስም አጭር ቅርጽ ነገሩ ይጠቅማል፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አንድ ጊዜ መዝግቦ መገላገል ነው። ለ«ቤቢ» እና ለ«ሙልዬ» ግን አይመስለኝም። የጠሪው የሆነን ነገር በተጠሪው ስም መመዝገብ አይቻልም።

የቁልምጫው ትክክለኛ መዝገብ ሰፈሩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ፒያሳን ሲያፈርስ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲከተል፣ የሰፈሩ ሰው ተበተነ። ከካዛንቺስ ብዙዎች ገላን ጉራ ገቡ። የቤቶቹን ዕድሜና የካሳውን መጠን በተመለከተ ብዙ ተብሏል። ስለ ስሞቹ የተባለ ነገር የለም። በአዲሱ ሕንፃ ጎረቤት የሚያውቀው በር ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ነው፤ ቢበዛ «ሳሚ» ይላል። ይህ ሰው ልጅ ሳለ ማን እንደነበረ የሚያውቅ ደረጃው ላይ የለም።

ዕድሮች ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስላል። መዝገባቸው ላይ አባሉ በሙሉ ስሙ ሰፍሯል፤ ጡሩምባ ነፊው ግን በዚያ ስም ቢጣራ ማንም ከቤቱ አይወጣም። አሁን መርዶው ለተበተኑት የሚደርሰው በስልክ መልእክት ነው። ከፎቶው ሥር ሙሉ ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ይጻፋል። ቀጥሎ በቅንፍ «ማሙሽ»።